ከወደብ አልወጣ ያለችው የሲዲ መርከብ

የጀልባ ሞተር አልነሣ ሲል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ገመዱን ትስባላችሁ። እንቢ ካለ ካንዴላውን ነቅላችሁ በጨርቅ ትጠርጋላችሁ። አሁንም እንቢ ካለ ቤንዚኑን ታያላችሁ። ቤንዚን ካለው ትሰድቡታላችሁ። ስድብ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ካለ፣ ጣና መካከል ላይ ሞተር ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ስንቱን ሞተር በስድብ አስነሥቻለሁ። ኮምፒውተር ግን ቢሰድቡትም አይሰማ፣ ቢለምኑትም አይሰማ። ይኼን የተማርሁ ዘንድሮ ነው፤ ያውም አንዲት ሲዲ ውስጥ ያለች መርከብ ከወደብ ላስወጣ ስታገል።

እኔ የጀልባ ሰው ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ትንንሾቹም ደሴቶች ሰው ሳመላልስ ነው ያረጀሁ። ካህን ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ፣ ሲሚንቶ ጭኛለሁ። አንድ ጊዜ በሬ ጭኘ ውኃው መካከል ስንደርስ በሬው ዞር ብሎ ወደ ኋላ ማየት አማረውና፣ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ አፍ የመላእክትን ስም ሲጠራ ትዝ ይለኛል። ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ግን ብዙ ሩቅ አልሄድሁበትም። የራሴን ስም ቶሎ እጽፋለሁ፣ የሌላ ሰው ስም ሲሆን ጊዜ ይወስድብኛል። ይኼንንም ቀስ ብየ ነው የጻፍሁት፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የመጣው በልጄ በስመኝ ነው። ስመኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ብቻ ከአባቷ ጋር ስትነጋገር ስብሰባ የምትመራ ይመስላታል። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ለአንዲት ደሴት ቤተ ክርስቲያን ጧፍና ምንጣፍ አድርሸ ልመለስ ስል ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። የጣናን የከሰዓት ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀልባዬን ዳር አስሬ፣ ከመነኮሳቱ ጋር ቆሎ ስቆረጥም እዚያው አደርሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ጠዋት ስመጣ ስመኝን ውኃው ዳር ቁማ አገኘኋት። ዐይኗ አብጧል። እንደምን አደሩም አላለችኝ። ጀልባዬን አስሬ ቀና ስል እጇን ወደ አንገቴ ሰድዳ፣ ጀልባዬን ከዛፍ ጋር የማስርበትን የሰንሰለት ቁልፍ ከነክሩ አውጥታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጀልባዬ እንደ ተከሰሰ ሰው በሰንሰለት ተቀምጣለች። ስመኝ የያዘችው ክስ አንድ ነው። ነፋሱ እየነፈሰ ገብተውበት፣ ማዕበሉ ገፍቶ ደሴቱ ላይ ጣለዎ እንጂ ጠብቀው አላደሩም ትላለች። እንዲያ ያሏት ወደብ ላይ ቁመው ወሬ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ጠብቄ ነው ያደርሁ ብላት አታምንም። ሽማግሌ ጠበቅሁ ሲል ማን ያምናል? ሽማግሌ የሚታመነው ታመምሁ ሲል ብቻ ነው።

ሰንሰለቱን በመጋዝ መቁረጥ እችል ነበር። አስቤበታለሁም። መጋዙን አንሥቸ አስቀምጨዋለሁ። ያን ያበጠ ዐይን ካየሁ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለ።

ችግሩ የዚያች ደሴት ንግሥ ቀረበ። በየዓመቱ ጎረቤቴን መሪጌታን ይዠ የምሄድ እኔ ነኝ። መሪጌታ የዜማ ሰው ናቸው። የሌላ ሰው ጀልባ ላይ ዘፈን ስለሚከፈት፣ ሲደርሱ ዜማው ከዘፈኑ ጋር ተቀላቅሎ ያስቸግራቸዋል። እኔም ብሆን የሌላ ሰው ጀልባ ላይ እንደ ጆንያ ተጭኘ፣ አንድ ጎረምሳ «አባባ፣ ወደ መካከል ይጠጉ» እያለኝ ደሴቲቱ ላይ ከምወርድ ቀርቶ ቢቀርስ ብየ ነበር።

በዚህ መካከል ነው ስመኝ ኮምፒውተር ይዛ የመጣችው። ኮሌጁ አርጅተዋል ብሎ ካስወገዳቸው አንዱ ነው። ቤት ይዋሉበት ብላ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ፌስታል ሙሉ ሲዲ አለ። ሲዲዎቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ መርከብ የተሣለበት አገኘሁ። ስመኝ ጽሑፉን አየችና፣ የድሮ ጨዋታ ነው፣ እሱም ሙሉው ሳይሆን ለቅምሻ በነፃ የሚሰጥ ነው፣ ዴሞ ይሉታል አለችኝ። አንድ ወደብና አንድ ደሴት ብቻ ነው ያለው። ለእኔ ደግሞ ከዚያ በላይ ምን ያደርግልኛል? ዕድሜየን ሙሉ አንድ ወደብና ትንሽ ደሴቶች ናቸው ያሉኝ።

ስመኝ ፊቴን አየችና ሣቀች። ካኮረፍን ወዲህ ስትሥቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሺ አባየ» አለችኝ። «ይችን መርከብ ከወደብ አውጥተው፣ ሳይሰብሩ ደሴቱ አድርሰው ይመልሱልኝ። ያን ጊዜ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ።»

እየቀለደች ነበር። እኔ ግን በጀልባ ቀልድ አላውቅም። መሪጌታን ከቤታቸው ጠርቸ ቃሏን እፊታቸው አስደገምኋት። መሪጌታም ሰምቻለሁ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሚቀጥለው እሑድ ምሳ በኋላ መጥታ እንድታይ ተቀጣጠርን።

ሰዉ ኮምፒውተር ሲል አንድ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤተሰብ ነው። ሲፒዩ የሚሉት ቀጥ ብሎ የሚቆም ሣጥን አለ፣ እሱ አባወራው ነው። ሞኒተር አለ፤ የድሮው ዓይነት ነው፣ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ያበጠ። ኪቦርድ አለ፣ ማውስ አለ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አሉ። ሁሉም የየራሱ ገመድ አለው፣ ሁሉም ከአባወራው ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ የሚፈልገውን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ገመድ ሳይ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ማሰር። ማዕበል ሲመጣ ምንም ነገር እንዳይንሸራተት፣ ያን ሁሉ ገመድ በጀልባ አስተሳሰር ከጠረጴዛው እግር ጋር አጥብቄ አሰርሁት። ካሰርሁት በኋላ ሶኬቱ ግድግዳው ጋ የሚደርስ አልሆነም። ጠረጴዛውን ገፍቸ ወሰድሁት። ጠረጴዛው የሞኒተሩን ፊት ወደ ጓዳ አዙሮ የጓዳው በር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጓዳ የሚገባ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያልፍ ነበር፤ መሪጌታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲያልፉ ወደ መቅደስ የሚገቡ ይመስሉ ነበር።

ማብሪያውን ስጫነው «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» አለ። ሞኒተሩ ጨለማ ነው። እንደገና ተጫንሁ፤ እንደገና «ጢጥ»። ጎኑን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። የጀልባ ሞተር ይኼን ይወዳል። ሰደብሁት። መሪጌታ የቤታቸውን መስኮት ዘጉ።

ፋሲሎ ሠፈር ውስጥ ሀብታሙ የሚባል ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አለ። እሱን አመጣሁት። ሀብታሙ የልጆች አባት ነው፣ ትሑት ሰው ነው፤ አንድ አመል አለው። ምንም ነገር ብትነግሩት «ቀላል ነው» ይላል። የሠፈር ቤት ቢቃጠል «ቀላል ነው» ሳይል አይቀርም። መጀመሪያ የገመዱን እሥር መፍታት ጀመረ። ፈታ፣ ፈታ፣ ላበው፣ ምሳ በላ፣ እንደገና ፈታ። ቋጠሮዬ ውኃ ላይ ለዘመናት ተፈትኖ የኖረ ቋጠሮ ነው፤ በጥፍር የሚፈታ አይደለም። ቀላል ነው ማለቱንም በዚህ መካከል አቆመ። በመጨረሻ ሣጥኑን ከፍቶ ቀጭን ሰሌዳ የመሰለች ነገር መዘዘና ላጲስ ጠየቀኝ። ሊጽፍ መስሎኝ እስክሪብቶ ሰጠሁት። አይ፣ ላጲስ አለኝ። ከመሪጌታ ቤት ላጲስ መጣ። ሰሌዳዋን በላጲስ ፈገፈጋት፣ መልሶ ሰካት፣ ጩኸቱ ቆመ፣ ሞኒተሩ በራ። ይኼን ሁሉ የሚያካክል ቤተሰብ በላጲስ ሲድን በዐይኔ አየሁ።

ሀብታሙ ሥራ ነበረበትና ሲዲውን እንዴት እንደምከት አሳይቶኝ ሄደ። ከተትሁት። መሽከርከር ጀመረ። ከዚያ መንጫጨት ጀመረ፤ «ክርርር» ይልና ያቆማል፣ «ክርርር» ይልና ያቆማል። እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የሚሽከረከር ነገር ሲንጫጫ ምን ይፈልጋል? ግራሶ ይፈልጋል። የጀልባዬን ግራሶ አምጥቸ ሲዲውን በሁለቱም በኩል አሳምሬ ቀባሁት። መንጫጨቱ ወዲያው ቆመ። አልዋሽም፣ በራሴ ኮራሁ። ብቻ መንጫጨቱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ነው የቆመው።

ሀብታሙ ሲመለስ ሲዲ ማስገቢያውን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ጣቱን ከተተና አሸተተው። ከዚያ «አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ጥሩው ግራሶ ነው፣ ርካሹ አይደለም አልሁት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ በአልኮልና በጥጥ ሲጠርግ ዋለ። ሲዲውንም በጥርስ ሳሙና አሽቶ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር እያደረገ ወለወለው። ጥርሱን ታጥቦ ፈገግ ያለ ሲዲ ሆነ። እኔም ከዚያ ወዲያ ግራሶውን አርቀው ያስቀምጡ ተብየ አስቀመጥሁ።

ጨዋታዋን መጫን ጀመርን። ሞኒተሩ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይሞላል። ወንበር ስቤ ተቀምጨ አየሁት። ታንኳ በጠዋት ሲያልፍ የማየት ያህል ነው፤ የሚሄድ አይመስልም፣ ዞር ብላችሁ ስታዩት ግን ሂዷል። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ሲመጣ መስመሩ ከመጀመሪያው ጀመረ። ለመሪጌታ ሂጀ ተናገርሁ። እሳቸው አልገረማቸውም። እኛ አገር ለአገር ዞረን ዜማ ስንማር፣ መምህሩ አንዲት ቃና ከሳትን ከመነሻው ነበር የሚያስጀምሩን፤ አንተ ገና በአንድ መስመር ታማርራለህ አሉኝ። አፍሬ ተመለስሁና ከመስመሩ ጋር ተቀመጥሁ። ሁለተኛው ላይ ሞላ።

ሞላ ስላችሁ ተጫወትን ማለቴ አይደለም። መርከቧን ብንነካት ትንሽ ጽሑፍ ወጣችና ቆመች። ሀብታሙ ጽሑፍ ሲወጣ ሳያነብ መዝጋት ልማዱ ነው። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው፤ ዐይኑ ሳያይ እጁ ይሄዳል። ዘጋት፣ ወጣች፤ ዘጋት፣ ወጣች። ሲመርረው አነበባት። ለካ ኮምፒውተሩ ቀለም በዝቶበት ኑሯል! ጨዋታዋ የድሮ ናትና ብዙ ቀለም አትችልም፤ ቀንሱልኝ ነው የምትለው። ሀብታሙ ቀለሙን ቀነሰው። የሞኒተሩ መልክ ሁሉ እንደ ታጠበ የገበያ ጨርቅ ገረጣ። ያን ጊዜ መርከቧ ወጣች። ወደብ ላይ ታስራ፣ ላይዋ ላይ ነጫጭ ጨርቆች ተሰቅለው፣ ትንንሽ ሰዎች ተሳፍረው። የእኔን ጀልባ ያየሁ ያህል ሆድ ባሰኝ።

ሀብታሙ አለቀ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ድምፅ የላትም አልሁት። ድምፅ ለምን ያስፈልግዎታል አለኝ። ጀልባ የሚነዳ ሰው በዐይኑ ብቻ ይነዳል እንዴ? ውኃ ይሰማል፣ ነፋስ ይሰማል፣ ደንቆሮ ሁኘ ተሳፋሪ አልይዝም ብየ ድርቅ አልሁ። ሌላ ሲዲ ሲፈልግ፣ ሌላ ነገር ሲጭን፣ ሲያጠፋ ሲያበራ ዋለ። በመጨረሻ ከሁለቱ ማጉያዎች «ሹውውው» የሚል ወጣ። ነፋስ ነው። መሪጌታ ከቤታቸው ሁነው ልብሳቸውን ከገመድ ላይ ሊሰበስቡ ወጡ።

ቀጥሎ መሪው መጣ። መርከቧ የምትዞረው በኪቦርዱ ላይ ባሉት ቀስቶች ነው። ቀኙን ስትጫኑ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስትጫኑ ወደ ግራ ትሄዳለች። ይኼ ለእናንተ ትክክል ሊመስላችሁ ይችላል። የጀልባ ሞተር እጀታ ግን ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባዋን ወደ ቀኝ ነው የሚወስዳት። ክንዴ ይኼን ከለመደ ስንት ዘመኑ! ከወደብ ሳልፈታት እዚያው ላለማምዳት ብሞክር፣ ቀኝ ስል ግራ እየዞረች የታሰረችበትን ግንብ በጎኗ ታሸው ጀመር። ሀብታሙ ቀስቶቹን ይልመዱ አለኝ። ቀስቶቹ እኔን ይልመዱ አልሁት። አንዱ ቦታ ገብቶ ቀኙን በግራ ለወጠልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ብቻ የምነዳት መርከብ ሆነች። ሀብታሙ ራሱ ሊሞክራት ሲፈልግ መልሶ እየገለበጠ ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ተሟላ አይደል? ተቀመጥሁ። መርከቧ ወጣች። ላስነሣት ስዘጋጅ፣ ስዘጋጅ፣ ድርግም! ጠፋች። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፣ መርከቧ ብቻ። እንደገና አስነሣኋት። እንደገና ትንሽ ቆይታ ድርግም አለች። አንድም ጊዜ ከወደብ ሳልወጣ። ሀብታሙን ጠራሁት። እሱ ተቀመጠ፣ ወዲያው ፈትቶ ወጣ፣ ከወደቡ ፊት ያለው ዓለት ላይ ሰበራት። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ሰበራት። ለእሱ አትጠፋም። እኔ ስቀመጥ ትጠፋለች፤ በቦታዋ ብቅ የምትለውን ጽሑፍም እሱ እንደ ልማዱ ይዘጋታል። ሙቀት ይሆናል ብሎ የሣጥኑን ጎን ከፍቶ ማራገቢያ ደገነበት። ጠፋች። ኮረንቲው ይሆናል ብሎ ስታቢላይዘር አመጣ። ጠፋች። ወንበሬ ይሆናል ብየ የሀብታሙን ወንበር ወስጄ ተቀመጥሁ። ጠፋች። በመጨረሻ መሪጌታን መርቁልኝ ብየ ለመንኋቸው። ጎንበስ ብለው በጠረጴዛው ሥር አለፉና ሲያዩት ቆዩ። ጠበል መርጨት ኮረንቲ ስላለው አይሆንም አሉ። ኮምፒውተሩ ሽማግሌ የሚጠላ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሄዱ። ሀብታሙም ከዚህ በላይ አላውቅም አለኝ። እኔ ግን አላቆምሁም። ስትጠፋ አስነሣታለሁ፣ ስትጠፋ አስነሣታለሁ። ዕድሜየን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይኼው አይደል?

እሑድ መጣ። ስመኝ ከምሳ በኋላ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ገባች። በጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ እያለፈች ይኼ ምንድን ነው አለች። መሪጌታ ለእማኝነት ወንበር ይዘዋል። ሀብታሙም መጥቷል፤ ስታቢላይዘሩን ሊወስድ ነው ቢልም ነገሩ አላስቀመጠው ብሎ ነው። ንግሡ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው።

መርከቧን አወጣኋት። ባንዲራዋ ይርገበገባል። ውኃው ጫፍ ጫፉ ነጥቷል። ማጉያዎቹ «ሹውውው» ይላሉ። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስመኝ እኔን አየች፣ መርከቧን አየች፣ መልሳ እኔን አየች።

«አባየ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ነፋሱን ነዋ። ይብረድ» አልሁ።

ሀብታሙ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አባባ» አለኝ፣ «መርከቧ እኮ በነፋስ ነው የምትሄድ። ሞተር የላትም። እነዚያ ጨርቆች የነፋስ መያዣ ናቸው።»

ጨርቆቹን አየኋቸው። እውነቴን ነው፣ ለተሳፋሪው ለጥላ የተሰቀሉ መስለውኝ ነበር። እንዲያውም የመርከቧን ባለቤት ደግ ሰው ነው ብየ አመስግኘዋለሁ። ጣና ላይ ጨርቅ ሰቅሎ ነፋስ የሚጠራ ሰው አይቸ አላውቅም። እኛ ስንወጣ ነፋስ ሳይነቃ ነው፤ ሲነቃ ዳር ይዘን እናሳልፈዋለን። ይኼን ሁሉ ቀን ለካ ነፋስ ለምትለምን መርከብ ነፋስ እስኪሞት ስጠብቅላት ኑሬአለሁ።

ይኼኔ ድርግም አለች። አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። የሀብታሙ እጅ እንደ ልማዱ ሊዘጋው ሄደ። ስመኝ እጁን በአየር ላይ ያዘችው። አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን፤ ቅምሻ ስለሆነች የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው፣ ጊዜው አልቋል፣ ሙሉውን የሚፈልግ ይግዛ ነው የሚለው። አልተበላሸችም። ድሮም አልተበላሸችም። እኔ ወደብ ላይ ተቀምጨ ጊዜዋን ስለምጨርሰው ነው። ለሀብታሙ የማትጠፋው ደግሞ፣ ጊዜው ሳያልቅ ዓለት ላይ ስለሚሰብራት ነው። ስታቢላይዘሩን ብድግ አድርጎ ብብቱ ውስጥ ያዘው። መሪጌታ ሣቁ፣ ሣቁ፣ ጥምጥማቸው ተፈታ።

ሀብታሙ እንደገና አስነሣልኝ። አሁን አባባ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይውጡ አለኝ። ስመኝም ወንበሯን አስጠጋች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አየሁ፤ እንድወጣ የፈለገች መሰለኝ። ጣቴን ቀስቱ ላይ አደረግሁ።

መርከቧ ላይ ትንንሾቹ ሰዎች አሉ። አንዱ ቀይ ኮፍያ አድርጓል። እኔን አምኖ ጠርዙ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ነፋሱ ይጮኻል። ጣቴ አልጫን አለ። ተቆጣሁት፣ አልጫን አለ።

«ተሳፋሪ አለባት» አልሁ።

«የተሣሉ ናቸው እኮ አባየ። የሚሰምጥ ሰው የለም።»

«የተሣሉም ይሁኑ። እንዲህ እየነፈሰ ሰው ይዠ አልወጣም። ቁልፉን ያዥው።»

እጄን አነሣሁ። በገዛ አፌ ተረታሁ። ለንግሡ እንደ ጆንያ ተጭኘ እንደምሄድ፣ ያ ጎረምሳ ወደ መካከል ይጠጉ እንደሚለኝ አወቅሁ። መርከቧ ጊዜዋን ጠብቃ በራሷ ድርግም አለች፤ ነፋሱም ቀጥ አለ። ጸጥታው ውስጥ የስመኝ ድምፅ መጣ።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነው የጠበቁ?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«አላመንሁዎትም» አለች። «ውኃው ዳር ቁሜ ሳድር፣ ነፋሱን እየሰሙ ገብተውበታል ብየ ነበር። ሁሉም እንዲያ አለኝ። ሙተው ነው ያደሩብኝ።»

ስልኬን ባትሪ ሳልሞላ መሄዴን ማንሣት ነበረብኝ፤ አላነሣሁትም። መሪጌታ ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ስመኝ ቦርሳዋን ከፈተች። መሐረብ አወጣች፣ መሐረቡን ተጠቀመችበት፣ ከዚያ ቁልፉን ከነክሩ አውጥታ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ለንግሡ እኔም እሄዳለሁ፣ ስልክዎን ግን እኔ ነኝ የምሞላው አለች። ስብሰባ መምራቷን አልተወችም። እኔም እሺ አልሁ። ክሩንም አንገቴ ላይ አጠለቅሁ።

ከዚያ ስመኝ ወንበሩን ሳበች። እስቲ እኔ ልሞክራት፣ ይኼን ያህል ምን ያስፈራል አለች። ሀብታሙ ቀስቶቹን ገለበጠላት። መርከቧን ፈታች፣ ጨርቁን ሁሉ ዘረጋች፣ ነፋሱን በጀርባዋ አድርጋ ተወነጨፈች። ግንቡን ገጨች። ዞራ ዓለቱ ላይ ወጣች። መርከቧ ለሁለት ተከፈለች፤ ባለ ቀይ ኮፍያው ሰውዬ ከነኮፍያው ውኃ ገባ። አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም።

እጄን ዘረጋሁላት።

«ምን ፈለጉ አባየ?» አለችኝ።

«የመኪናሽን ቁልፍ» አልኋት።